ከአዲስ አበባ እስከ ሊሎንግዌ፦ የአፍሪካ ዋንጫን ማስተናገድ ለአገር ምን ያስገኛል?

በዛሬው ዝግጅታችን ስለ እግር ኳስ እናወራለን፤ ዋናው ጉዳያችን ግን ውጤቱ አይደለም፣ ገበያው ነው። አንድ አገር ወይም አንድ ክልል ትልቅ የስፖርት ውድድር ሲያስተናግድ እውነት ቱሪስት ይጎርፍለታል ወይ? የሆቴሉ፣ የባለ ታክሲው፣ የአስጎብኚው፣ የጀበና ቡና ሻጯ ኪስ ይሞላል ወይ? ጥያቄው አሁን የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. የ2029ን የአፍሪካ ዋንጫ ማዘጋጀት እንደምትፈልግ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አስታውቀዋል። እንግዲህ ጥያቄውን ለመመለስ ሁለት ጨዋታዎችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ።

የመጀመሪያው የተካሄደው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ነው። ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የተባበረች ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ግርማ ተክሌ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንድ አንድ ጎል አገቡ። አምበሉ ሉቺያኖም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ሁለተኛው የተካሄደው ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ተጋጣሚዋ ያችው ግብፅ ናት። ኢትዮጵያ በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፈች። በመዝገብ ላይ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ናት። ጨዋታው የተካሄደው ግን ማላዊ ውስጥ፣ በሊሎንግዌ ከተማ ነው። ለምን? በኢትዮጵያ ምድር የካፍን መስፈርት የሚያሟላ አንድም ስታዲየም ስላልተገኘ! በ60 ዓመት ውስጥ አህጉሩን በቤቷ የጋበዘች አገር የራሷን ጨዋታ በሰው ቤት የምትጫወት ሆነች። ድሉ የእኛ ነበር፤ የሆቴሉ፣ የትራንስፖርቱና የምግቡ ወጪ ግን የተከፈለው ለሌላ አገር ነው።

ይህ እንዴት ሆነ? ብዙ ሰው “ዋንጫው ይምጣ እንጂ ቱሪስቱ ተከትሎት ይመጣል” ሲል እንሰማለን። ታሪክን ስንመረምር የምናገኘው ግን ሌላ ነው። ውድድር ብቻውን ቱሪስት አያመጣም። ለሌላ ዓላማ በተሰናዳ ቤት ውስጥ ሲመጣ ግን ለቤቱ ስም ይሰጠዋል፣ በሩንም ያሰፋለታል። ባልተሰናዳ ቤት ከመጣ ዕዳ ጥሎ ይሄዳል።

እስቲ ወደ 1954 ዓ.ም. እንመለስ። ኢትዮጵያ ከካፍ መሥራቾች አንዷ ናት። የመጀመሪያው ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ ሲካሄድ፣ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከውድድሩ ስለወጣች የተጫወቱት ሱዳን፣ ግብፅና ኢትዮጵያ ብቻ ነበሩ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1959 ካይሮ ላይ ተደረገ። ሦስተኛው ተራ የአዲስ አበባ ሆነ። የተወዳደሩት አራት ቡድኖች፣ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ ሲሆኑ፣ አንድ ስታዲየም በቂ ነበር። በዚያ ዘመን የአፍሪካ ደጋፊ ቡድኑን ተከትሎ በአውሮፕላን የሚጓዝበት አቅምም ልማድም አልነበረም። ስለዚህ ያ ውድድር ብዙ ሺሕ ቱሪስት አመጣ ብንል ታሪክን መዋሸት ነው።

ታዲያ ጥቅሙ ምን ነበር? ጥቅሙን የምናየው በዙሪያው ከተሠራው ሥራ ጋር ስናስተያየው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 መቀመጫውን አዲስ አበባ አደረገ። የአፍሪካ አዳራሽ በ1961 ተመረቀ። ዋንጫው የመጣው በ1962 መጀመሪያ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ጄት አውሮፕላኖች ተረከበ። በግንቦት 1963 ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያው ተመሠረተ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ “የ13 ወር ፀጋ” የሚለውን መፈክር ይዘው አገሪቱን ለዓለም ማስተዋወቅ ጀመሩ። በ1969 ሒልተን ሆቴል ተከፈተ።

አያችሁ ተመልካቾቻችን! ዋንጫው ለብቻው የቆመ ድግስ አልነበረም። አየር መንገድ፣ አዳራሽ፣ ሆቴል፣ መፈክርና ዲፕሎማሲ በአንድ ላይ ሲሄዱ፣ ስፖርቱም ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት ነበር። በጨዋታው ሳምንት የአህጉሩ የስፖርት መሪዎች አዲስ አበባን አዩ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ መሪዎቻቸው መጡ።

አንድ ሌላ ነገር ልብ እንበል። ውድድሩ የተካሄደው ከጥር 6 እስከ ጥር 13 ነው። በመካከሉ ጥር 10 እና 11 አሉ፤ ከተራና ጥምቀት! ኢትዮጵያ ለሁለተኛ ጊዜ በ1960 ዓ.ም. ስታዘጋጅም ውድድሩ ከጥር 3 እስከ 12 ስለነበር ጥምቀት በመካከሉ ዋለ። ታስቦበት ይሁን አጋጣሚ፣ ቀን መቁጠሪያው ትልቅ ስጦታ ነበር። ዛሬ ኮትዲቯር በ2023 ማዘጋጀት የነበረባትን ዋንጫ የክረምቱን ዝናብ ፈርታ ወደ ጥር 2024 አዛውራለች። በእኛ አገር ጥር ሰማዩ የጠራ፣ መንገዱ የደረቀ፣ በዓሉ የደመቀ ነው። ጥምቀት ደግሞ በ2019 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ጨዋታ ለማየት የመጣ እንግዳ በሁለት ጨዋታዎች መካከል ባሉት የዕረፍት ቀናት ምን ያያል? የቱሪዝም ገቢ የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው። የስታዲየሙ ትኬት ገንዘብ የሚሄደው ለአዘጋጁ ነው፤ በዕረፍቱ ቀን የሚወጣው ገንዘብ ግን ለሕዝቡ ይደርሳል።

የ1960ው ዝግጅት ሌላም ትምህርት አለው። ቡድኖቹ ስምንት ሆነው ነበር። ስለዚህ አዲስ አበባ ብቻዋን አልያዘችውም፤ በወቅቱ በኢትዮጵያ ሥር የነበረችው አስመራም ተካፈለች። የቫሳሎ ወንድማማቾች የወጡባት፣ ኳስ የምትወድ፣ ሕንፃዎቿ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የተመዘገቡላት ከተማ ናት። ዋንጫውን የዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ ወሰደች። ለሦስተኛ ጊዜ በየካቲትና መጋቢት 1968 ዓ.ም. ስናዘጋጅ ደግሞ ሁለተኛዋ ከተማ ድሬዳዋ ሆነች። ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ዛየርና ሱዳን የምድብ ጨዋታቸውን ያደረጉት እዚያ ነው። በኋላም ዋንጫው የሞሮኮ ሆነ። ድሬዳዋ የባቡር መስመር ያላት ናት፤ ሐረር ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ትርቃለች። ውድድርን ወደ ክልል ከተማ መውሰድ እንግዲህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ አባቶቻችን የሠሩት ነው።

ነገር ግን ከ1968ቱ ዝግጅት በኋላ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ሜዳው አልፈረሰም፤ የፈረሰው በዙሪያው የነበረው ነው። አብዮት፣ ጦርነት፣ በየመንገዱ ፍተሻ፣ ቀጥሎም ረኃብ መጣ። ላሊበላና የሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች ተርታ ሲመዘገቡ፣ ሊያያቸው የሚፈልግ እንግዳ ግን በሰላም የሚደርስበት መንገድ እየጠበበ ነበር። ክቡር ይድነቃቸው ተሰማ ከ1972 ጀምሮ እስካረፉበት እስከ 1987 ድረስ የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ። የአህጉሩ እግር ኳስ መሪ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሳለ፣ ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ የአፍሪካ ዋንጫ ወደ ኢትዮጵያ አልተመለሰም። ሰላም የሌለው አገር የፈለገውን ያህል ስም ቢኖረው እንግዳ አይጠራም።

ዋንጫው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ በተካሄደበት በዚያው በ1976 እ.ኤ.አ. የካናዳዋ ሞንትሪያል ኦሎምፒክ አዘጋጀች። ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና የኒው ዚላንድን የራግቢ ጉዞ በመቃወም ከውድድሩ ቀረች። ምሩፅ ይፍጠርም የሞስኮን ኦሎምፒክ አራት ዓመት መጠበቅ ነበረበት። ሞንትሪያል ግን የራሷ ጣጣ ነበረባት። ከንቲባዋ ዣን ድራፖ “ወንድ እንደማይወልድ ሁሉ ኦሎምፒክም ኪሳራ ሊኖረው አይችልም” እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ስታዲየሙ ጨዋታው ሲከፈት እንኳ አላለቀም ነበር። የኦሎምፒኩ ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው በ2006 ነው፤ 30 ዓመት! በጨዋታው ጊዜ ያልተወለዱ ልጆች አድገው ሲጋራ ሲገዙ በትምባሆ ግብር አማካይነት የዚያን ድግስ ሒሳብ ከፈሉ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ማለት ይህ ነው።

በአንጻሩ ባርሴሎናን እንይ። በ1992 ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችባት፣ በኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት የሆነችባት ከተማ ናት። ባርሴሎና ከዚያ በፊት ጀርባዋን ለባሕር ሰጥታ የኖረች ከተማ ነበረች፤ በባሕሩ ዳርቻ የባቡር ሐዲድ፣ ፋብሪካና መጋዘን ተደርድሮ ነበር። ከተማይቱ ኦሎምፒኩን ምክንያት አድርጋ ሐዲዱን አነሣች፣ የባሕር ዳርቻ አበጀች፣ የቀለበት መንገድ ሠራች፣ አየር ማረፊያዋን አሰፋች። በ1990 በሆቴሎቿ ያደሩት ጎብኚዎች 1.7 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፤ በ2000 ከ3 ሚሊዮን አለፉ። ይህን ያመጣው የ16 ቀኑ ጨዋታ አይደለም፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላ የከተማው ሰውም እንግዳውም በየቀኑ የሚጠቀምበት ነገር ስለቀረ ነው። ዛሬ ባርሴሎና የጎብኚው ብዛት የቤት ኪራይ አስወደደብን በሚሉ ነዋሪዎች ተቃውሞ ትታመሳለች። ስለዚህ ትርፉም ቢሆን ለማን እንደሚደርስ አስቀድሞ ካልታሰበበት ራሱ ሌላ ችግር ይሆናል።

ወደ አህጉራችን ስንመለስ፣ ደቡብ አፍሪካ በ2010 የመጀመሪያውን የአፍሪካ ምድር የዓለም ዋንጫ አዘጋጀች። በወቅቱ በመንግሥት የተነገረው ቁጥር ለዋንጫው የመጡት እንግዶች 309,000 ገደማ መሆናቸውን ያሳያል። ይህ ቀደም ሲል ከተገመተው በጣም ያነሰ ነበር። ከጆሃንስበርግ አየር ማረፊያ ወደ ከተማው የሚወስደው ፈጣን ባቡር ሥራ የጀመረው ዋንጫው ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው፤ ዛሬም ሰው ያጓጉዛል። የኬፕታውን ስታዲየም ግን ለዓመታት ከከተማዋ ካዝና ድጎማ ሲጠይቅ ኖሯል። ሁለቱም ለአንድ ወር ድግስ ደረሱ። አንዱ ከድግሱ በኋላ ሥራ አገኘ፤ ሌላው ሥራ ፈት ሆነ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

እንግዲህ ወደ እኛው ጉዳይ እንግባ። ያኔ አራት ቡድን ይበቃ የነበረው የአፍሪካ ዋንጫ ከ2019 ወዲህ 24 ቡድን ሆኗል። ኮትዲቯር ለዚህ አምስት ከተሞችን ማሰናዳት ነበረባት፤ ከአቢጃን እስከ ሰሜኗ ኮርሆጎ። በእኛ በኩል የባሕር ዳር፣ የሐዋሳና የሌሎችም ክልሎች ስታዲየሞች ከተጀመሩ ዓመታት አልፈዋል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ወደ 60,000 ተመልካች ይይዛል የተባለው የአደይ አበባ ስታዲየም በ2000ዎቹ ዓ.ም. ተጀምሯል። ኢትዮጵያ የ2020ን የቻን ውድድር እንድታዘጋጅ ተመርጣ ነበር፤ ዝግጅቱ ስላልደረሰ ለካሜሩን ተሰጠ። ቀጥሎም የባሕር ዳር ስታዲየም ጭምር ታገደና ብሔራዊ ቡድናችን ተሰዳጅ ሆነ።

መቀማት ግን የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ኬንያ የ1996ን የአፍሪካ ዋንጫና የ2018ን ቻን ተነጥቃለች። ተስፋ አልቆረጠችም፤ ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ ጋር ተባብራ በ2025 የቻንን ውድድር አዘጋጀች፣ የ2027ን የአፍሪካ ዋንጫም በጋራ እንዲያዘጋጁ ተመረጡ። ሸክሙ ለአንድ ሲከብድ ለሦስት ተካፈሉት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የሚባለው?

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ ስታዲየም ከመጀመሩ በፊት “ከውድድሩ ማግሥት ማን ይጠቀምበታል? ማንስ ይጠግነዋል?” ተብሎ ይጠየቅ። መልስ የሌለው ሕንፃ የሪባን መቁረጫ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የውሃው፣ የመብራቱ፣ የመንገዱና የሕክምናው ነገር ይቅደም፤ ይህ ዋንጫው ባይመጣ እንኳ ለነዋሪው ይተርፋል። ሦስተኛ፣ በአነስተኛ ውድድር ይጀመር። በ2015 እ.ኤ.አ. የሴካፋ ዋንጫ በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳና በባሕር ዳር ተካሂዷል። የጣናና የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከተሞች እንግዳ ማስተናገድ የሚለምዱት እንዲህ ባለው ነው።

ለነገሩ ስታዲየም የማይጠይቅ ሀብት በእጃችን አለ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10,000 ሯጮች ሲጀመር አሸናፊው ራሱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። በኋላ ተሳታፊዎቹ ከ40,000 በላይ ደረሱ። ሜዳው የአዲስ አበባ አስፋልት ነው። ለመሮጥ ከውጭ የሚመጣው ሰው አውሮፕላን ይሳፈራል፣ ሆቴል ያድራል፣ ከሩጫው በኋላ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ሰሜን ተራሮች መሄድ ይመኛል። የኬንያዋ ኢቴን በከፍታዋና በሯጮቿ ስም ብቻ ከዓለም ዙሪያ ልምምድ ፈላጊ ትስባለች። እኛ ደግሞ የደራርቱ፣ የቀነኒሳና የጥሩነሽ መነሻ የሆነችው በቆጂ አለችን። በቆጂ የሚያስፈልጋት 60,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም አይደለም፤ ጥሩ መንገድ፣ ንጹሕ ማረፊያ፣ የመሮጫ መምና ሰላም ነው።

አዎ፣ ሰላም። በቅርብ ዓመታት ትግራይም አማራም ኦሮሚያም ያዩትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የላሊበላ አስጎብኚ፣ የባሕር ዳር ጀልባ ቀዛፊ፣ የአክሱም ሆቴል ባለቤት እንግዳ ካዩ ስንት ጊዜያቸው ነው? እነዚህ ሰዎች በረኃብ እየተቆሉ ስለ አፍሪካ ዋንጫ ብንነግራቸው ምን ይሉናል? ከስታዲየሙ ሁሉ በፊት መገንባት ያለበት ሰላም ነው፤ የ1968 ዓ.ም. ማግሥት የሚያስተምረን ይህንን ነው።

በመጨረሻም እኛ በውጭ የምንኖረው። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርትና የባህል ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ከተማ እየቀያየረ ይካሄዳል። ከአራት ቡድን ተነሥቶ ዛሬ ከ20 በላይ ሆኗል። ዳላስ፣ አትላንታ፣ ሲያትል፣ ዋሽንግተን ባስተናገዱ ቁጥር ሆቴሉ ይሞላል፣ ምግብ ቤቱ ይጨናነቃል፣ ዘፋኙም ነጋዴውም ሥራ ያገኛል። አንድም ስታዲየም አልሠራንም፤ ያለውን ተከራየን። ሰው የሚመጣው ለኳሱ ብቻ አይደለም፤ ወገኑን ለማግኘት፣ እንጀራ ለመብላት፣ ልጁን ከልጆች ጋር ለማስተዋወቅ ነው። የስፖርት ቱሪዝም ምሥጢር እንግዲህ ከእኛ የተሰወረ አይደለም። ለአሜሪካ ከተሞች ከ40 ዓመት በላይ ያስገባነውን ገበያ ለድሬዳዋ፣ ለሐዋሳ፣ ለባሕር ዳር፣ ለመቀሌና ለጅማ ማስገባት የማንችልበት ምክንያት የለም፤ መንገዱ ሰላም ይሁን፣ ሒሳቡ ግልጽ ይሁን፣ ሥራው ከድግሱ ይቅደም።

መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው ይላሉ እናቶቻችን። ዋንጫው መጣም ቀረ፣ ቢያንስ ብሔራዊ ቡድናችን ባለሜዳ ተብሎ ሲመዘገብ በገዛ ሜዳው፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት የሚጫወትበትን ቀን እናቅርበው።